ካምቢዮው ይውረድ ከማለታችን በፊት



አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት የናፍጣ ፒካፕ ታማ ስትመጣ በየጋራዡ ፈጥኖ የሚሰማው ፍርድ «ካምቢዮው ይውረድ» የሚል ነው። ዛሬ የምሟገተው ከዚህ ፍርድ ጋር ነው። መውረድ ያለበት ካምቢዮ አለ፤ እሱን አልክድም። ነገር ግን ማውረድ የምርመራው የመጨረሻ እርምጃ ሊሆን ይገባል። ካምቢዮው መኪናው ላይ እንዳለ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ግፊት ይዞ ሳለ ብቻ የሚያሳያቸው ነገሮች አሉ። ተፈታትቶ ጠረጴዛ ላይ ከተዘረጋ በኋላ እነዚያን ማየት አይቻልም። የተቃጠለ ዲስክ ታገኙ ይሆናል፤ ለምን እንደተቃጠለ ግን ከጠረጴዛው ላይ አታነቡትም። ምክንያቱ ሳይታወቅ አዲስ ዲስክ ቢገባ ደግሞ አዲሱም ያው ዕጣ ይደርሰዋል።

ይህ ለባለንብረቱ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ዋጋው የት እንደደረሰ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መንግሥት በዚያው ዓመት ከወሰነ በኋላ ደግሞ ሰው ያለውን መኪና አጥብቆ ይዟል። ፒካፕ የእህል፣ የመድኃኒት፣ የሲሚንቶ መጫኛ ናት። አንዷ ወር ሙሉ ጋራዥ ስትቆም ከእሷ ጋር ሥራው የሚቆም ሰው ብዙ ነው።

ምሳሌ የማደርገው የቶዮታዋን ሂሉክስ ነው፤ በመንገዶቻችን ላይ በብዛት ስለምናያት። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣችው ስምንተኛዋ ትውልድ ባለ 2.4 ወይም ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር አላት፤ አውቶማቲኳ ደግሞ ኤሲ60 የሚባል ባለ 6 ማርሽ ካምቢዮ ትይዛለች። ከምናገረው አብዛኛው ለሌሎቹ ፒካፖች፣ ለሬንጀርም፣ ለናቫራም፣ ለዲማክስም ይሠራል። የሚለየው ቁጥሩና የብሎኑ ቦታ ነው።

ናፍጣ መሆኗ ምን ለውጥ ያመጣል ለምትሉ፣ ባለ 2.8 ሊትሩ ሞተር ከአውቶማቲክ ካምቢዮ ጋር ሲወጣ የማዞር ጉልበቱ 450 ኒውተን ሜትር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 500 አድጓል። ይህ ጉልበት ገና በ1600 ዙር ሙሉ በሙሉ ይመጣል። የካምቢዮውን የዘይት ፖምፓ የሚያዞረው ደግሞ ራሱ ሞተሩ ነው። ስለዚህ ናፍጣ መኪና ላይ ፖምፓው ገና ቀስ ብሎ በሚዞርበት ሰዓት ዲስኮቹ ላይ ከባዱ ጫና ያርፋል። ዘይቱ ጥቂት ቢጎድል ወይም የውስጥ ፊልትሮው ጥቂት ቢደፈን፣ ቤንዚን መኪና ችሎት የሚቆየው ጉድለት እዚህ ላይ መንሸራተት ሆኖ ይወጣል።

ምርመራው የሚጀምረው ከሰውየው ነው። «ካምቢዮው አስቸገረኝ» የሚለው ቃል ብቻውን የሚነግረን ነገር የለም። አንድ ወጣት መካኒክ አንድ አዛውንት ባለመኪናን ሲጠይቃቸው ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ጥያቄዎቹ ቁም ነገር ያላቸው ስለሆኑ እነግራችኋለሁ።

«ጋሼ፣ የሚያስቸግርዎት ጠዋት ነው ወይስ ከሞቀች በኋላ?»

«ጠዋት ደህና ናት። ዳገት ላይ ነው የምትገግመው።»

«ዳገቱ ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ አልሄድ ትላለች? ወይስ ሞተሩም አብሮ ይዳከማል?»

ሰውየው ጥቂት አሰቡ። «እሱስ አብሮ ነው የሚዳከመው፣ ልጄ። ጩኸት የለውም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከማርቆስ ስመለስ። መንገድ ላይ ነዳጅ ጠፍቶ ከበርሜል ቀድተን ነበር።»

ልጁ በቀጥታ የሄደው ወደ ናፍጣው ፊልትሮ ነበር፤ ሲፈታ ውኃና ዝቃጭ ወረደ። ካምቢዮ ሲንሸራተት ዙሩ ይወጣል፣ ፍጥነቱ አይከተለውም። ሞተር ሲደክም ግን ዙሩም ፍጥነቱም አብረው ይወርዳሉ፤ ሾፌሩም ነዳጁን አጥብቆ ስለሚረግጥ ኮምፒውተሩ ማርሽ ዝቅ ያደርጋል፣ ከፍ ለማድረግም ይዘገያል። ከመሪው ጀርባ ለተቀመጠ ሰው ይህ ሁሉ የካምቢዮ በሽታ ይመስለዋል። የተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የሚያፈስ የቱርቦ ቱቦ፣ ጥቀርሻ የያዘ ኢጂአር ቫልቭም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይናችሁ የዙር መቁጠሪያው ላይ ይሁን።

በብርድ ብቻ ወይም በሙቀት ብቻ መታመሟም ብዙ ይናገራል። ጠዋት አልይዝ ብላ ከሞቀች የምትስተካከል ከሆነ የደረቁ የውስጥ ጎማዎችን ወይም የሚጣበቅ ቫልቭን ጠርጥሩ። ጠዋት ደህና ሆና ስትሞቅ የምትንሸራተት ከሆነ ግን ዘይቱ ሲቀጥን የሚያመልጥበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ ሁለተኛው የከፋ ምልክት ነው።

አሁን ወደ ዘይቱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ እናገራለሁ።

በቀድሞዎቹ መኪኖች መለኪያውን መዝዘን ዘይቱን እናይ ነበር። ኤሲ60 ከላይ የሚመዘዝ መለኪያ የለውም። ከሥር የዘይት ሳህኑ ላይ የትርፍ ዘይት መውጫ ብሎን አለ። መኪናዋ በአራቱም ጎማ እኩል ትነሣለች፤ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ የማርሽ ዘንጉ በየቦታው ቀስ ብሎ ተዘዋውሮ ወደ ፒ ይመለሳል። ከዚያ የዘይቱ ሙቀት ይጠበቃል። ትክክለኛውን ቁጥር ከመኪናዋ የጥገና መመሪያ ውሰዱ፤ በእነዚህ ካምቢዮዎች ብዙውን ጊዜ 40 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚያ ሲደርስ ብሎኑ ይፈታል። ዘይቱ ቀጥኖ ጠብ ጠብ ካለ ልኩ ነው፤ ምንም ካልወጣ ጎድሏል፤ ከፈሰሰ ደግሞ እስኪቀጥን ይጠበቃል።

ሙቀቱን ሳይለካ ብሎኑን የሚፈታ ሰው እየለካ ያለው ምን እንደሆነ አያውቅም። ዘይት ሲሞቅ ያብጣል። መኪናዋ ከመንገድ እንደመጣች በ80 ዲግሪ ብትፈቱት ያበጠው ዘይት ትርፍ መስሎ ይፈሳል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ጎድሎ ይገኛል። ጠዋት በብርድ ብትሞሉት ደግሞ ሲሞቅ ከልክ ያልፋል። ጉድለትና ትርፍ የሚያመጡት ሕመም አንድ ዓይነት መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። ሲጎድል ፖምፓው አየር ይስባል፣ ሲበዛ የሚሽከረከሩት ጥርሶች ዘይቱን ይመቱታል፤ በሁለቱም መንገድ ዘይቱ አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ግፊት አይዝም። በዳገትና በመታጠፊያ ላይ የምትንሸራተት መኪና ብዙ ጊዜ የምትነግራችሁ ይህንን ነው።

የዘይቱ ዓይነትም ሊጠና ይገባል። ቶዮታ ለዚህ ካምቢዮ ያዘዘው ደብሊው ኤስ የሚባለውን ቀጭን ዘይት ነው። ቀይ ስለሆነ ብቻ ዴክስሮን መጨመር ልክ አይደለም። የቫልቮቹ ክፍተትና የሎክአፑ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ለካምቢዮው የሚያቀብለው ኮንቨርተር መቆለፊያ) አያያዝ የተቀመረው በዚያ ዘይት ቅጥነት ነው። ማኅተሙ ካልታየ ጀሪካን የሚቀዳ ዘይት ላይ ሃሳቤን ግልጽ ላድርግ፤ በሌላ ሰው ካምቢዮ ውስጥ ልታስገቡት አይገባም።

አሁን ጠብታዋን በቅርበት እንያት። ከመኪናዋ ሥር ቀይ ነጠብጣብ ብታዩ የካምቢዮ ዘይት ነው ብላችሁ አትደምድሙ፤ የቶዮታ የራዲያተር ፈሳሽም ቀይ ወይም ሮዝ ነው። በሁለት ጣት አሻሹት። የራዲያተር ፈሳሽ ከደረቀ ይጣበቃል፣ ሽታው ጣፋጭ ነው፤ ዘይት ያሙለጨልጫል። ከዚያ አንዲት ጠብታ በነጭ ሶፍት ላይ ጣሉና ጥቂት ጠብቁ። ደህናው ዘይት እየሳሳ እኩል ይሰፋል። መሐሉ ላይ ጥቁር ክብ ጥሎ ዳር ዳሩ ብቻ ቢሰፋ፣ ከዲስኮቹ የተፋቀ ዱቄት አለበት። ወደ ቡና ዓይነት ጠቁሮ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነ ተቃጥሏል። እንደ እርጎ ወፍሮ ሮዝ ከመሰለ ግን ወዲያውኑ ሞተሩን አጥፉ፤ ውኃ ገብቶበታል።

የውኃው ነገር ቀልድ የለውም። በብዙ ፒካፖች የካምቢዮ ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ ባለ ትንሽ ማቀዝቀዣ ነው። እሷ ከተሰነጠቀች ሁለቱ ፈሳሾች ይቀላቀላሉ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 በተሠሩ የኒሳን ፓዝፋይንደር፣ ፍሮንቲየርና ኤክስቴራ መኪኖች ላይ ይህ ችግር ጉዳዩን ፍርድ ቤት እስኪያደርስ ተከስቷል፤ ፍሮንቲየር የእኛዋ ናቫራ እኅት ናት። የራዲያተሩ ፈሳሽ የዲስኮቹን ልባስ ከብረቱ ጋር የያዘውን ማጣበቂያ ይፈታዋል። ዘይቱን ቀይሮ መሸኘት ለጥቂት ጊዜ ደህና ያስመስላታል፤ ከዚያ ልባሱ ይላጣል። እንግዲህ ያረጀ ራዲያተር ያላትን ፒካፕ የምትንከባከቡ ሁሉ፣ ራዲያተሩን በጊዜ መቀየር ካምቢዮ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል።

የታችኛው ሳህን ከወረደ ማግኔቶቹን ከመጥረጋችሁ በፊት እዩአቸው። ስስ ግራጫ ጭቃ የተለመደ ነው። ብልጭ የሚል የነሐስ ቀለም ቡሽ መበላቱን ይናገራል፤ በጣት የሚሰማ የብረት ስንጣሪ ካለ ግን ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም።

ከካምቢዮው ውጭ ሆነው በካምቢዮው ስም የሚከሰሱ ነገሮችም አሉ። መኪናዋ ስትቆም ወይም ስትነሣ ከሥር «ጓ» የሚል ድምፅ ሲመጣ ብዙ ሰው ማርሹ የመታ ይመስለዋል። ካርዳኑ ላይ ግራሶ የሚጠጡ ቦታዎች አሉ፤ ክሮቼራዎቹና እየገባ እየወጣ የሚንሸራተተው ጫፍ። ያ ጫፍ ሲደርቅ መኪናዋ ቆማ ኋላዋ ሲመለስ ይይዝና በድንገት ይለቃል። ድምፁ ያኔ ይመጣል። በግራሶ የሚያልፍ ነገር ነው። «ዲም አርም አትሄድም» የተባለች ባለ አራት ጎማ ጎታች ስትመጣ ደግሞ መጀመሪያ የአራት ጎማውን መቀየሪያ ተመልከቱ፤ ኤን ላይ ከቀረ ካምቢዮው ቢዞርም ጉልበት ጎማ አይደርስም። እንዲህ ስትሆን የፒ ማርሽም አይዛትም፤ ስለዚህ ታኮ ሳታደርጉ ከሥሯ አትግቡ።

ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ በቀላል ረገጣ ስትሄድ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ሌላው ነው። አስፋልቱ ሻካራ የሆነ እስኪመስል መኪናዋ ትርገበገባለች። የኮንቨርተሩ ሎክአፕ ሲይዝ ሲለቅ ሊሆን ይችላል፤ ደካማ ኢንጀክተርም ያንኑ ያደርጋል። መለያው ቀላል ነው። መንገዱ ነፃ መሆኑን አይታችሁ፣ ነዳጁን ሳትለቁ በግራ እግር ፍሬኑን መብራቱ እስኪበራ ያህል ብቻ ንኩ። ፍሬን ሲነካ ኮምፒውተሩ ሎክአፑን ይለቃል። መንቀጥቀጡ በዚያው ቅጽበት ከጠፋ ኮንቨርተሩን ወይም ዘይቱን መርምሩ። ካልጠፋ ወደ ሞተሩና ወደ ካርዳኑ ሂዱ።

ከአሜሪካ አንድ ታሪክ ልጨምር፤ የዶጅ ራም ፒካፕ ታሪክ ነው። ባለ 5.9 ሊትር የከሚንስ ናፍጣ ሞተር ዶጅ ላይ የተጫነው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000 አካባቢ 47አርኢ የሚባል ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ የያዙት ላይ ሎክአፑ በአውራ ጎዳና ፍጥነት ይይዛል ይለቃል፣ ይይዛል ይለቃል። ኮንቨርተርና ቫልቭ ቦዲ ያስቀየሩ ባለቤቶች ነበሩ፤ ሕመሙ ግን አልተወም። በብዙዎቹ ላይ ጥፋተኛው ዲናሞው ሆኖ ተገኘ። የዲናሞው ዳዮዶች ሲደክሙ ወይም የኔጋቲቩ መስመር ደካማ ሲሆን፣ ንጹሕ መሆን ያለበት ኤሌክትሪክ ላይ ሞገድ ይጫናል፤ የነዳጅ መስጫው ሴንሰር መልእክት በዚያ ይረበሻል። ኮምፒውተሩም ሾፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ሲለቅ የቆየ ይመስለዋል።

ይህ የሌላ መኪና ታሪክ ቢሆንም ልማዱን ውሰዱት። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ መልቲሜትራችሁን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ባትሪው ላይ ለኩ። ግማሽ ቮልት ካሳየ ዲናሞው ታሟል፤ ካምቢዮውን ገና መንካት የለባችሁም። ከባትሪው ወደ ሞተሩና ወደ አካሉ የሚሄዱትን የኔጋቲቭ ገመዶችም ፍቱና አጽዱ። ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ በሺዎች የሚቆጠር ብር ያድናል።

ስለ ስካነር አጭር ልበል። ስካነሩ የሚያመላክተው የኤሌክትሪክ መስመር ወይም የማይጣጣም ቁጥር ነው፤ የሚቀየር ዕቃ አይነግራችሁም። ፒ0700 ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም፤ «ካምቢዮው ውስጥ ሌላ ኮድ አለ፣ ፈልገው» ማለት ብቻ ነው። ፒ0717 የመግቢያው፣ ፒ0722 የመውጫው ፍጥነት መለኪያ መልእክት ጠፋ ማለት ነው፤ ሁለቱም በተበላ ሽቦ ሊመጡ ይችላሉ። ፒ0741 ሎክአፑ በሚፈለገው ልክ አልያዘም ይላል። ይህን ኮድ አይተው ኮንቨርተር የሚያስገዙ አሉ፤ ከኮንቨርተሩ በፊት ግን የዘይቱ ልክ፣ ሶሌኖይዱና ሽቦው አሉ። ወንዝ የምትሻገር ፒካፕ ከሆነች የማርሽ ቦታ ጠቋሚውን ሴንሰርና ሶኬቶቹን ፍቱና አረንጓዴ ዝገት ፈልጉ። ሽቦ የሚበላ አይጥም በየመጋዘኑ አለ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስኩ፤ ሁለት ፈተናዎች ናቸው፤ ለአንደኛው የሚያስፈልገው የሰዓት መቁጠሪያ ብቻ ነው።

ዘይቱ ከ50 እስከ 80 ዲግሪ ሞቆ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እያለ ዘንጉን ከኤን ወደ ዲ ውሰዱ፤ መኪናዋ መያዟ በመቀመጫችሁ እስኪሰማችሁ ድረስ ጊዜውን ቁጠሩ። የቶዮታ መመሪያዎች ከ1.2 ሰከንድ በታች ይጠብቃሉ። ከኤን ወደ አር ደግሞ ከ1.5 ሰከንድ በታች። በየመሐሉ አንድ ደቂቃ እየጠበቃችሁ ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ። ሁለቱም ከዘገዩ አጠቃላይ ግፊቱ ደክሟል። ዲ ብቻ ከዘገየ የወደፊቱ ፍሪሲዮን መንገድ፣ አር ብቻ ከዘገየ የኋላው መንገድ ይጠረጠራል።

ሁለተኛው የስቶል ፈተና ነው፤ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አራቱም ጎማ በታኮ ይታገዳል፣ የእጅ ፍሬኑም የእግር ፍሬኑም ይያዛሉ፣ ከመኪናዋ ፊትና ኋላ ሰው አይቆምም። ዲ ላይ አድርጋችሁ ነዳጁን እስከ ታች ረግጣችሁ ሞተሩ የደረሰበትን ዙር ታነባላችሁ። ከ5 ሰከንድ በላይ አይረገጥም፤ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ የሞተሩ ጉልበት ሁሉ ኮንቨርተሩ ውስጥ ሙቀት ይሆናል። ቀጥሎ ዘይቱ በሚኒሞ እስኪቀዘቅዝ ጠብቃችሁ በአር ትደግሙታላችሁ። አንዳንድ አዳዲስ ሞተሮች መኪናዋ ቆማ ሲረገጡ ዙራቸውን ራሳቸው ስለሚገድቡ መመሪያውን ቀድማችሁ አንብቡ።

ዙሩ በሁለቱም ከልክ በላይ ከወጣ ግፊት ጎድሏል። በአንዱ ብቻ ከወጣ የዚያ ማርሽ ፍሪሲዮን ይንሸራተታል። በሁለቱም ከልክ በታች ከሆነ የመመሪያው መጽሐፍ ሁለት ተጠርጣሪ ይሰጣችኋል፦ ደካማ ሞተር፣ ወይም ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ባለ አንድ አቅጣጫ ፍሪሲዮን።

እዚህ ላይ ነው የእኛ አገር ጉዳይ የሚመጣው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ ይህን ያካክሳል፤ ግን ቱርቦው ተሽከርክሮ እስኪነሣ ድረስ ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ነው። የስቶል ዙር ደግሞ የሚወሰነው በዚያች ቅጽበት ሞተሩ ባለው ጉልበት ነው። ስለዚህ ደህና የሆነች ሂሉክስ እዚህ ከተማ ከመጽሐፉ ያነሰ ቁጥር ብታሳይ ሊያስደነግጣችሁ አይገባም። ያንን ቁጥር አይቶ «ኮንቨርተሩ አልቋል» የሚል መካኒክ የከተማዋን ከፍታ ጥፋት በካምቢዮው ላይ እየፈረደ ነው። ዲንና አርን እርስ በርስ አወዳድሩ፤ ከዚያም ደህና መሆኗ ከታወቀ እኅት መኪና ጋር፣ በዚያው ግቢ፣ በተመሳሳይ ሙቀት አወዳድሩ። አዳማና ድሬዳዋ የሚለካው ቁጥር ከአዲስ አበባው ይለያል፤ መለየቱም ትክክል ነው።

ከፍታ ካነሣሁ ሾፌሮችን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርድና መልሶ ይወጣዋል። ተጭና በቀስታ የምትወጣ መኪና ሎክአፗ ክፍት ከሆነ ኮንቨርተሩ ዘይቱን ያፈላዋል። ዘንጉን ወደ ኤስ ስባችሁ ዝቅ ባለ ማርሽ፣ ዙሩን ከፍ አድርጋችሁ ውጡ፤ ፖምፓውም በደንብ ይሠራል፣ ሎክአፑም የመያዝ ዕድል ያገኛል። ቁልቁለቱንም በማርሽ ውረዱት። የዘይቱ ሙቀት 120 ዲግሪ አልፎ ማስጠንቀቂያ ቢበራ ቁሙ፤ ሞተሩን ግን አታጥፉ። ፒ ላይ አድርጋችሁ ይሥራ፤ ዘይቱ በማቀዝቀዣው ውስጥ እየዞረ የሚበርደው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ነውና።

እስከዚህ ድረስ መልስ ካልተገኘ አንድ ፈተና ይቀራል። ቁልፉ ተዘግቶ እያለ ወደ ካምቢዮው ሶሌኖይዶች የሚሄደው ሶኬት ይነቀላል። ኮምፒውተሩ ከጨዋታው ይወጣል፤ ካምቢዮው በዘንጉና በዘይቱ ግፊት ብቻ ይሠራል። በየትኛው ቦታ የትኛው ማርሽ መግባት እንዳለበት መመሪያው ይነግራችኋል። ጸጥ ባለ መንገድ ነድታችሁ ማርሾቹ እንደተጻፈው ከገቡ ካምቢዮው ከብረት በኩል ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ሽቦ፣ ሴንሰር ወይም ኮምፒውተር ጋ ነው። ካልገቡ አሁን ማውረድ ትችላላችሁ። ሶኬቱ ሲመለስ የተመዘገቡትን ኮዶች ማጥፋት አትርሱ።

ሲወርድ ደግሞ ሥራው ሙሉ ይሁን። የቀድሞው ዲስክ ብናኝ የተቀመጠበት ማቀዝቀዣና ቱቦ ሳይጸዳ የታደሰ ካምቢዮ መግጠም አዲሱን በአሮጌው ቆሻሻ ማጠጣት ነው፤ ማቀዝቀዣውን መቀየር ቢቻል ይሻላል። ከገጠማችሁ በኋላ ኮምፒውተሩ ስለ ቀድሞው ካምቢዮ የተማረውን በስካነር አጥፉለት። አለበለዚያ አዲሱን ዲስክ በአሮጌው ልክ እየጫነ ይመታዋል።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ለጋራዥ ባለቤቶች ነው። ደህና የሆነች አውቶማቲክ ፒካፕ ለሰርቪስ በገባች ቁጥር የዲና የአር ሰከንዷን፣ የስቶል ዙሯን፣ የዘይት ሙቀቷንና የባትሪዋን ኤሲ ቮልት በአንድ ደብተር መዝግቡ፤ የከተማውን ስም ጨምሩበት። ለዚህ አገር ከፍታ የተጻፈ መጽሐፍ ከፋብሪካ አይመጣልንም፤ ልንጽፈው የምንችለው እኛ ነን። የመመዝገቢያውን ቅጽ በሩ ላይ ታገኙታላችሁ፣ በነፃ ነው።

አሁን ወደ ግቢው እንውጣ። የቆመችው ሂሉክስ ደህና ናት፤ ዘይቷ 50 ዲግሪ እስኪደርስ ሞተሯ ይነሣ። ታኮ የሚይዙ አራት ልጆች እፈልጋለሁ፤ አንድ ሰው ሰዓት ይያዝ፣ አንዷ ደግሞ ትጻፍ።